አላውቅም ያላልኩ ቀን

ሰንበት ትምህርት ቤታችን የጥያቄ ሳጥን ነበረው። ሳጥን ብዬ አከበርኩት እንጂ የብስኩት ካርቶን ነው። አበባ ባለው የስጦታ ወረቀት ተለብጦ፣ ከላይ በምላጭ አፍ ተከፍቶለት፣ አዳራሹ በር አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሰው የሚከነክነውን ነገር ስሙን ሳይጽፍ በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ይከትበታል። በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ይከፈትና መርሐ ግብር መሪው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ያነባል፤ መምህሩ ይመልሳል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መምህሩ እኔ ነበርኩ።

በሥራ ቀን እዚሁ ጭሮ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግኩትም እዚሁ ነው፤ የእኛ ቤት ሰዎች ከተማዋን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ነው የሚሏት። እሑድ ሲሆን ጠመኔዬን ጥዬ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ አዳራሹ ፊት እቆማለሁ። ታዲያ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ወረቀት «አላውቅም» ብዬ መልሼ አላውቅም። ይኼ ሙያዬ ነበር፤ የታወቅኩበትም በዚሁ ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ጎረምሶች እኔን ለመጣል ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄ ሲፈልጉ ይሰነብታሉ። እግዚአብሔር ዓለምን ከመፍጠሩ በፊት ምን ይሠራ ነበር ብለው ጻፉ፤ መለስኩ። ሰይጣን እንደሚክድ እያወቀ ለምን ፈጠረው አሉ፤ መለስኩ፣ አስቄም ጨመርኩበት። ምላሴ ፈጣን ነው። እሷ ቀድማ ትደርሳለች፣ ልቤ ከኋላዋ እያለከለከ ይመጣል።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ለሕፃናቱ ክፍል የማስተምረው የመጀመሪያ ትምህርት ነው። «እግዚአብሔር በባሕርዩ አይመረመርም» ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ እጽፋለሁ። ልጆቹ በዜማ ይሉታል። በፈተና ደግሞ እውነት ወይም ሐሰት በሉ ብዬ አወጣዋለሁ፤ ይመረመራል ያለውን ልጅ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዝበታለሁ። ከዚያ ደብተሬን አጥፌ ወደ ትልቁ አዳራሽ እሻገርና እግዚአብሔር ምን እንዳሰበ፣ ለምን እንዳሰበ፣ መቼ እንደወሰነ ለሕዝቡ እነግራለሁ። በእኔ ላይ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ስለ እህቴ ለመናገር ነው።

እናታችን ስትሞት እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ እህቴ አሥራ ሰባት። አባታችንን አላስታውሰውም። እህቴ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ገበያ ወጣችና ሽንኩርትና ድንች መሸጥ ጀመረች። ዛሬም እዚያው ቦታ ላይ ናት። እኔ የአንደኛ ደረጃ፣ የሁለተኛ ደረጃ፣ ከዚያም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆንኩት እሷ ዝናብና ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነው። ሰው ፊት «መምህር» ብላ ነው የምትጠራኝ። ቤት ውስጥ ግን እኔ እትዬ እላታለሁ፣ እሷ ወንድምዬ ትለኛለች።

ባሏ ቦርደዴ ውሃ ጽሕፈት ቤት ይሠራል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው የሚመጣው። በተጋቡ አሥራ አንድ ዓመት ልጅ አልወለዱም። በእኛ ከተማ ያልወለደች ሴት ሽንኩርት ስትመዝን እንኳ ሆዷን የሚያይ አይጠፋም። በአሥራ አንደኛው ዓመት አሰቦት ገዳም ሄዳ ተሳለች። ስለቷ ይህ ነበር፤ ልጅ ከሰጠኸኝ ራሱን ምላጭ ሳይነካው አሳድጌ፣ ሦስት ዓመት ሲሞላው እዚህ አምጥቼ አስላጨዋለሁ፣ ሲላጭም ጭንቅላቱን የሚይዘው ወንድሜ ይሆናል። እኔን ከስለቱ ውስጥ ለምን እንደጨመረችኝ አልጠየቅኳትም፤ ክብር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ልጁ በዓመቱ ተወለደ። ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወረደ። እናቱ ሹሩባ ትሠራዋለች፣ እሱም ገበያ መሐል ከሽንኩርት ክምሩ አጠገብ ይሯሯጣል። መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ልጆቹ «ሴት፣ ሴት» እያሉ አስቸገሩት። አላለቀሰም። «ሴት አይደለሁም፣ ስለት ነኝ» ይላቸው ነበር። ይህን ንግግሩን ከአንድም ሁለት ጊዜ ስብከት ላይ ተጠቅሜበታለሁ፤ ሰው ይወደው ነበር።

ሦስት ዓመት ሞላው። እህቴ ቀን ቆርጣ ስትነግረኝ ቦኬ ላይ የሦስት ቀን ጉባኤ ተጠርቼ ነበር። የወንጌል ሥራ ይቀድማል አልኳት። በአራት ዓመቱ መንገዱ ሰላም አልነበረም፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። በአምስት ዓመቱ መንገዱ ሰላም ሆነ፣ እኔ ግን የፈተና እርማት ነበረብኝ፤ በላዩ ላይ ሌላ ጉባኤ። «ስለቱ ውስጥ አንተ አለህበት፣ ያላንተ አይሆንም» አለችኝ እንጂ አልተቆጣችም። ያንተ ሥራ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ እሱ ያውቃል፣ ይጠብቀናል አለች። ሁለተኛ አላነሳችውም።

ስድስት ዓመት ሲሆነው በጥቅምት ሄድን። ከጭሮ ብርድ ወጥተን ሚኤሶን አልፈን ቆላው ውስጥ ስንገባ ልጁ ሹራቡን አወለቀ፣ ቀጥሎ ጫማውን አወለቀ። ስለት አድራሹ ብዙ ነበርና ተራራው ሥር ሜዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፈን አደርን። ሌሊቱን ትንኝ በላን። ስንነጋገርበት «ትንኝ ነው፣ ምን ያመጣል» ያልኩት እኔ ነኝ። በማግሥቱ ልጁ ሲላጭ ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ምላጩ ይኮረኩረው ነበርና ከእጄ ሊያመልጥ እየተንፈራገጠ ይስቃል። እህቴ ጸጉሩን ከመሬት እየለቀመች ነጭ መሐረብ ውስጥ አደረገች። እያለቀሰች ነበር፤ ደስ ብሏት።

ከተመለስን በአሥረኛው ቀን ልጁ አተኮሰው። ጭሮ በጥቅምት ጠዋት እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስድስት ዓመት በጸጉር ተሸፍኖ የኖረ ራስ ድንገት ተላጭቶ ነፋስ ሲነካው ምን ይሆናል? ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ቃል ተናገረ፣ ራሱን ብርድ መትቶት ነው አለ። እኔም መጥቼ ግንባሩን ዳሰስኩና አዎ፣ ብርድ ነው አልኩ። የሱፍ ቆብ ገዝቼ አመጣሁለት። ጋቢ ደራርበን ሦስት ቀን እንዲያልበው አደረግን። በአራተኛው ቀን ሲያቃዠው ሆስፒታል ወሰድነው፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት ሐኪም አየችውና መጀመሪያ የጠየቀችን «ቆላ ወርዳችሁ ነበር?» ብላ ነው። የከተማው ሰው ሁሉ፣ እኔም ከነዲግሪዬ እያለሁ፣ ይህን ለማሰብ አንድ እንግዳ ሰው አስፈለገ። ወባ ነበር፤ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል። በሁለተኛው ቀን አረፈ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ እኔ ዝም አላልኩም። ዝም ብል ኖሮ። ስለ አበባ ተናገርኩ፣ እግዚአብሔር ከአትክልት ቦታው ያማረውን ነው የሚቀጥፈው አልኩ። ስለ ሰማያዊ ቤት ተናገርኩ። እህቴ ሰው ሌላ ክፍል ውስጥ የከፈተውን ሬዲዮ እንደምትሰማ ሆና ትመለከተኛለች። ገበያ ላይ ከአጠገቧ ቲማቲም የምትሸጥ ኦሮሞ ጎረቤት አለቻት፣ ሙስሊም ናት፤ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሷ ሥራዋን ትታ በየቀኑ ትመጣና ከእህቴ ጎን መሬት ላይ ትቀመጣለች። የምትናገረው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ረቢቱ ቤካ» ትላለች፤ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው ማለቷ ነው። ከዚያ የእህቴን እጅ ይዛ ትውላለች። እኔ በሆዴ ናቅኳት። መልስ የሌለው ሰው እንዲህ ነው የሚለው ብዬ አሰብኩ።

ሰባት ወር አለፈ። በግንቦት የመጨረሻ እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መርሐ ግብር መሪው ከሳጥኑ አራተኛውን ወረቀት አውጥቶ አነበበ፤ «በስለት የተገኘ ልጅ ለምን ይሞታል?»

እህቴ ትዝ አለችኝ፤ አልዋሽም። ነገር ግን እህቴ ሳጥኑ አጠገብ ደርሳ አታውቅም፣ ስለት የሚሳል ሰው ደግሞ በአገራችን ሞልቷል። ወይ ነዶ፣ እሷም ኖራ ብትሰማው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግኩና እንደ መጽሐፍ መምህራን «አንድም፣ አንድም» እያልኩ ተረጎምኩት። አንድም ለወላጆቹ ፈተና ነው አልኩ። ሕዝቡ ዝም አለ። አንድም ልጁን ከሚመጣ ክፉ ሊሰውረው ነው አልኩ። አሁንም ዝም፤ አንዲት ሴት አዛጋች። ሦስተኛ መፈለግ ነበረብኝ። ሰባኪ የሆነ ሰው ይህን ዝምታ ያውቀዋል፤ ከረሃብ ይብሳል።

«አንድም» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ስለቱ በጊዜው ስላልደረሰ ነው። እኛ ሰዎች ስንለምን እንቸኩላለን፣ ስንሰጥ እንዘገያለን። አባቶቻችን የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይሉ የለም?»

አዳራሹ ተነቃነቀ። አጨበጨቡ፤ ከሴቶች ወገን እልልታ ተሰማ። ያን ተረት ሳወጣው ለማሳመሪያ ነው። ቀድሜ አላሰብኩትም፣ ከምላሴ ጫፍ ላይ አገኘሁት። የዘገየ ስለት ስል ጊዜ የእኛው መዘግየት ትዝ አላለኝም፤ ያዘገየሁት እኔ ስለሆንኩ ይሆናል። ሰው የሠራው ጥፋት እንዲህ ያለ ጊዜ ብቅ ብሎ አይረዳውም። ወባን ማወቅ ያቃተኝ ሰው የእግዚአብሔርን ሐሳብ አውቄ፣ በጭብጨባ ታጅቤ ተቀመጥኩ። አምስተኛው ወረቀት ስለ ጾም ነበር።

እህቴ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማልቀስ ተወች። እኔ ጊዜ ያዳናት መሰለኝ፤ እንዲያውም ስብከቴ ሥራውን ሠራ ብዬ ነበር። ገበያ ትውላለች፣ ቅዳሴ ታስቀድሳለች። ጾም በሌለበት ወራትም ሳይቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። አልጋዋን ትታ መሬት ላይ መተኛት ጀመረች። ለሐዘን የተላጨችው ጸጉሯ ገና ብቅ ሲል በየወሩ መልሳ ትላጨዋለች። ባሏ ከቦርደዴ ሲመጣ ያነጋግረኝ ነበር። «አንድ ነገር ይዟታል፣ ለእኔ አትነግረኝም፣ አንተ ጠይቃት» ይለኛል። ሐዘን ነው፣ ተዋት እለው ነበር። ለሱም መልስ ነበረኝ።

የልጁ ሙት ዓመት ዕለት ሰዉ በልቶ ከሄደ በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እህቴ ሳህን እያጠበች ነው። ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ የራስ ቅሏ ታየኝ፤ የዚያን ጠዋት የተላጨችው ነው፣ ያበራል። ልጁን መሰለችኝ።

«እትዬ፣ አሁንስ አይበቃም? ዓመት ሞላው እኮ። ጸጉርሽን አሳድጊ» አልኳት።

«ገና ነው» አለች። «ሦስት ዓመት ነው የዘገየሁት፤ ሦስት ዓመት እላጫለሁ።»

«ምኑን?»

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀና ብላ አየችኝ። «ላመሰግንህ እያልኩ እያፈርኩ ነው እንጂ» አለችኝ። «ያቺ ጥያቄ የኔ ነበረች። ጽሕፈቴን እንዳታውቀው ጎረቤት ያለችው ተማሪ ናት የጻፈችልኝ። ከኋላ ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጬ ሰማሁህ። እግዜር ይስጥህ ወንድምዬ፣ አሳረፍከኝ። ለምን ለምን እያልኩ ላብድ ነበር። ጥፋቴን አወቅኩት።»

ከዚያ ቀን በፊት በንግግር ተሸንፌ አላውቅም ነበር። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም፤ እትዬ፣ እኔ እኮ አላውቅም፣ ዝም ብዬ ነው የተናገርኩት፣ ሰው ፀጥ ሲልብኝ ከአፌ የወጣ ነው፣ ልጁን የገደለው ትንኝ ነው አልኳት። እሷ በትዕግሥት ሰማችኝ። የታመመ ልጅ ሲቃዥ እንደምትሰማ ሆና ነው የሰማችኝ።

«ለምን ቤት መጥተሽ አልጠየቅሽኝም?» አልኳት በመጨረሻ። ድምፄ እንደ ተቆጣ ሰው ነበር።

«ቤት ወንድሜ ነህ» አለች። «ታዝንልኛለህ። የምታዝንልኝ ሰው እውነቱን አይነግረኝም። እዚያ ግን እኔ መሆኔን አላወቅክም፤ ስለዚህ እውነቱን ነገርከኝ። አሁን ደግሞ ስላወቅክ አዘንክልኝ፣ ትሸፍንልኛለህ።»

«ያዘገየሁት እኔ ነኝ! ጉባኤ አለብኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አንተ የእግዚአብሔር ሥራ ላይ ነበርክ። የተሳልኩት እኔ፣ አንተንም ከስለቱ የጨመርኩህ እኔ። አንተን ባልጨምር በጊዜው አደርስ ነበር።» ይህን ተናግራ ወደ ሳህኗ ተመለሰች። እኔን ጭምር ነፃ አውጥታኝ ሁሉንም ለብቻዋ ወስዳው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ ከአፋፉ ወርዶ ሰው ቤት ገብቶ ነበር። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። ስግደት ሰጡኝ፤ አርባ አርባ፣ ለሰባት ቀን። ሰገድኩ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ጨረስኩት። ራሳቸው መጥተው እንዲያነጋግሯት ለመንኳቸው። መጥተው «ልጄ፣ የእግዚአብሔር ፍርዱ አይመረመርም» አሏት። እሷ ራሷን ዝቅ አድርጋ መስቀላቸውን ተሳለመችና ሲወጡ ለእኔ በሹክሹክታ «ልከሃቸው ነው አይደል?» አለችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት እጠላዋለሁ፣ ምክንያቱም እሷ ሞኝ አይደለችም፤ ወረቀቱን ያስያዝኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

የጥያቄ ሳጥኑን ለቀቅኩ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አመራር ደክሞት ነው ብሎ ጋቢ ሸለመኝ። አሁን የሚመልሰው አንድ ወጣት ነው፤ ከእኔም ይፈጥናል። እኔ ቅዳሴ አልቀረሁም፣ ግን ውጭ ከግንቡ ሥር ነው የምቆመው። እውነቱን ለመናገር እግዚአብሔርን ተቀይሜዋለሁ። ያን ዕለት ምላሴን መያዝ ያቅተው ነበር? ይህንንም ጠይቄ ዝም ስባል፣ ዝምታው ያን አዳራሽ ያስታውሰኛል፤ ደርሼ በመልስ ልሞላው ያምረኛል። እስካሁን ሙያዬ አልለቀቀኝም።

ባለፈው ጥር እህቴ አሰቦት ውሰደኝ አለችኝ። ጉባኤም እርማትም አላልኩም። ተራራው ሥር ካሉት ዛፎች በአንዱ ጥላ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እዚያ ገዳም የጠጉራቸው ቀለም እስኪጠፋ ኖረዋል፤ ሰው ሁሉ ሄዶ ጉልበታቸውን ይስማል። እህቴ ፊታቸው ተንበርክካ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ፣ እኚህ ሰው አንዲት ቃል ቢሏት ይፈታታል ብዬ እጠባበቅ ነበር።

«አባታችን፣ ልጄን የወሰደብኝ ስለዘገየሁ ነው አይደል?» አለቻቸው።

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አላውቅም ልጄ» አሉ። «ሃምሳ ዓመት ደጁ ተቀምጫለሁ፤ አንድም ቀን አልነገረኝም። አብሬሽ አለቅሳለሁ እንጂ አላውቅም።»

እጇን ይዘው አለቀሱ። ያቺ ቲማቲም ሻጭ ትዝ አለችኝ። ያን ቃል ግንቦት ላይ እኔ ብናገረው ምን ነበረበት? ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። አጨብጫቢ ባይኖረውም ሰው ይተርፍበት ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እህቴ በመስኮት እያየች ነበር። ሽማግሌው የነገሯት ገብቷት እንደሆነ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳት።

«ደግ አባት ናቸው» አለችኝ። «ግን አንጀታቸው አልቻለም። እንደ አንተው አዘኑልኝ።»

ሚኤሶ ስንደርስ ከቦርደዴ መጥታ ወደ ጭሮ የምትሄድ አንዲት ወጣት ሴት ልጇን ታቅፋ ተሳፍራ ከእኛ ጎን ተቀመጠች። ወንድ ልጅ ነው፤ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ጸጉሩ ሹሩባ ተሠርቶ ትከሻው ላይ ወርዷል። እህቴ ልጁን ባየች ጊዜ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ስለት ነው?» አለቻት።

«አዎ፤ የአሰቦት። ዘንድሮ አልተመቸንም፣ ለከርሞ እናደርሳለን ብለናል።»

«አታዘግዪው እናቴ» አለች እህቴ። የሴትዮዋን ክንድ ያዘቻት። «ዛሬውኑ ውረጂና ተመለሽ። እኔ አዘግይቼ ልጄን ከፈልኩ። ከራሴ አይደለም የምነግርሽ፣ ይኸው ወንድሜ መምህር ነው፤ በሰው ፊት ያስተማረው ነው። ጠይቂው።»

ሴትዮዋ ዞራ አየችኝ። ወጣት ናት፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት። ከንፈሯ ደርቋል። «እውነት ነው መምህር?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ከፊት የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ዞሩ። «የኔ እህት፣ እኔ አላውቅም። ማንም አያውቅም። ልጅሽን አጎበር ውስጥ አስተኚው እንጂ አትፍሪ።»

እህቴ ፈገግ አለች። ከልጅነቴ ጀምሮ በእኔ ስትኮራ እንደምታደርገው ትከሻዬን መታ መታ አደረገችና ለሴትዮዋ ጠጋ ብላ «ፊት ለፊት ሲጠይቁት እንዲህ ነው የሚለው» አለቻት። «ትሕትናው ነው።»

ሴትዮዋ ከእኔ ዓይኗን አነሳች። ልጁን ወደ ደረቷ ጥብቅ አድርጋ ሹፌሩን ወራጅ አለ አለችው።